ባሕር የሌለው ወደብና በመዳፍ የሚነበብ ቃል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ አቃቂን፣ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፎ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሞጆ ይደርሳል። ሞጆ የመንገድ ልጅ ናት። መንገዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል። በ1917 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ምድር ባቡር በሞጆ በኩል ያልፍ ነበር። ያ አሮጌ ሐዲድ ሥራውን ካቆመ በኋላም በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በ2016 ደግሞ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሞጆን ሳይነኩ አላለፉም። ዛሬ ግን ስሟን በነጋዴውና በመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ዘንድ ይበልጥ የሚያስጠራው ደረቅ ወደቡ ነው።

«ደረቅ ወደብ» የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማ ሰው ሳይደነቅ አይቀርም። ወደብ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው መርከብ፣ ማዕበልና የጨው ሽታ ነው። በሞጆ ግን ሰማያዊ፣ ቀይና ቡናማ ቀለም የተቀቡ ኮንቴይነሮች እንደ ፎቅ ቤት ተደራርበው ይታያሉ እንጂ የባሕር ጠብታ የለም። በሽታ በኩልም የናፍጣና የአቧራ፣ ነፋሱ ከከተማዋ ሲመጣ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ ነው ያለው። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከጂቡቲ ወደብ በመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ይህም ሆኖ ወደብነቱ እውነተኛ ነው። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት በሚያስተዳድረው በዚህ ግቢ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ ይራገፋል፣ ይቈጠራል፣ ቀረጡ ይከፈልበታል፣ ለባለቤቱም ይሰጣል። ከሩቅ ምሥራቅ አገር የተጫነ ዕቃ በአንድ የጭነት ሰነድ ተመዝግቦ ከመርከብ ወደ መኪና ወይም ወደ ባቡር እየተላለፈ፣ ማኅተሙ ሳይፈታ ሞጆ ድረስ ይመጣል። ትራንዚተሩ ሰነዱን ይዞ የሚጠባበቀው፣ የጉምሩክ ሠራተኛውም የማኅተሙን ቁጥር የሚያመሳክረው እዚህ ነው።

ይህን የመሰለ አሠራር የቻለው ሳጥኑ ነው። በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት 58 ሳጥኖችን በአንድ መርከብ ላይ አድርጎ ከኒውርክ ወደ ሂውስተን ሲልክ የዓለም ንግድ መልክ መለወጥ ጀመረ። ጥቂት ቈይቶም አገሮች በሳጥኑ ልክ፣ ይልቁንም በስምንቱ ማዕዘኖቹ አሠራር ተስማሙ። ዛሬ የሻንጋይ ክሬን፣ የጂቡቲ መርከብና የሞጆ ተሳቢ መኪና ያንኑ ማዕዘን በአንድ ዓይነት መንገድ ይጨብጣሉ። ሳጥኑን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያሻግረው ይህ የመጨበጫ ስምምነት ነው።

በዚህ ግቢ አጠገብ ሲያልፉ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ባሕር ሳይኖር ወደብ ሊኖር ከቻለ፣ ዐይን ሳያይ ጆሮም ሳይሰማ ቋንቋ ሊኖር ይችላልን? ሁለቱም የስሜት በሮች የተዘጉበት ሰው ቃል በየት በኩል ይደርሰዋል? መልሱ በእጅ በኩል የሚል ነው። የሞጆ አካባቢ ደግሞ እጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለመመልከት የተመቸ ስፍራ ነው።

እጅ የሚያውቀው

ሉሜና አድአ የጤፍ አገር ናቸው። በሞጆ ገበያ ጤፍ የምትገዛ እናት እህሉን በዐይኗ ብቻ ዐይታ ዋጋ አትጠራም። ጥቂት ዘግና በመዳፏ ላይ ታሸዋለች፤ አሸዋ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ መድረቁንና መርጠቡን በጣቷ ትለያለች። ቆዳ የሚያውቅ ሰውም ሌጦውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አድርጎ ውፍረቱንና ልስላሴውን ይናገራል። ከጂቡቲ ቈላ ሲወጣ ውሎ ያደረ የከባድ መኪና ሾፌር ወይም ረዳቱ በቆመ ቍጥር መኪናውን ይዞራል፤ የእጁን ጀርባ ወደ ጎማው አስጠግቶ ሙቀቱ ከልክ ማለፉን ያውቃል።

እነዚህ ሰዎች በእጃቸው የሚያነቡት ዕቃን ነው። ነገር ግን ሰው ለሰው በእጅ የሚነጋገርበት ገበያም አለ። ከሞጆ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል እስከ ሐረርና እስከ ባቢሌ የዘለቀ መንገደኛ የግመልና የከብት ገበያ ላይ ደላላና ነጋዴ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጃቸውን በሽርጥ ወይም በነጠላ ሸፍነው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሲቆሙ ያያል። የሚደረገው የዋጋ ክርክር ነው። የተጨበጠው ጣት ቍጥር ነው፤ አንድ ጣት እንደ ነገሩ ዐሥርም፣ መቶም፣ ሺህም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የከብቱን ግምት ስለሚያውቁ አይሳሳቱም። በዙሪያቸው የቆመው ሕዝብ ዐይኑም ጆሮውም ደኅና ሆኖ ሳለ ምን እንደተባባሉ አያውቅም። በነጠላው ሥር ላለው ንግግር ዕውሩና ደንቆሮው ተመልካቹ ነው።

እንግዲህ በመዳሰስ መነጋገር ከባዕድ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋዴው ምስጢር ለመጠበቅ ሲል መርጦ የሚጠቀምበት መንገድ፣ ማየትም መስማትም ለተሳነው ሰው ግን ያለው አንድ መንገድ ነው።

ከሁለት በር የተዘጋ ቤት

ማየትና መስማት በአንድነት የተሳናቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ እናቱ በእርግዝና ጊዜ በያዛት የኩፍኝ መሰል በሽታ ምክንያት እንዲሁ ይወለዳል። አንዳንዱ በማጅራት ገትር ይጐዳል። አንዳንዱ ሳይሰማ ተወልዶ፣ የምልክት ቋንቋ ተምሮ ካደገ በኋላ በዘር በሚወረስ ሕመም የዐይኑ ብርሃን ቀስ በቀስ ይጠፋበታል። በአገራችን ብዙ ዐይን ባጠፋው በትራኮማ የታወረ ሽማግሌም በዕድሜው ማምሻ ጆሮው ሲደክም ከዚሁ ወገን ይገባል። የዓለም አቀፉ የማየትና መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን በ2018 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከአንድ ሺህ ሰው ሁለቱ ጉዳቱ የጸናባቸው መሆናቸውን ገምቷል። ይህን ግምት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነው ለእኛ ሕዝብ ብናሰላው ከሁለት መቶ ሺህ ሰው ያልፋል።

ለእነዚህ ሰዎች ቃልን በእጅ የማድረስ ሥራ ታሪክ አለው። በ1837 በቦስተን ከተማ ዶክተር ሳሙኤል ሃው፣ ሎራ ብሪጅማን የተባለች የሰባት ዓመት ልጅ ተቀበለ። በሕፃንነቷ በያዛት ንዳድ ዐይኗም ጆሮዋም ጠፍቶ ነበር። ዶክተሩ በማንኪያው፣ በቍልፉና በቢላዋው ላይ ስማቸውን ጐላ ባለ ፊደል አትሞ ለጠፈበትና በጣቷ አስዳሰሳት። ልጅቱ ወረቀቱ የዕቃው ስም መሆኑ የገባት ዕለት ትምህርቷ ተጀመረ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ አን ሰሊቫን የተባለችው ወጣት መምህርት ሔለን ኬለርን ስታስተምር በአንድ እጇ ላይ ውሃ እያፈሰሰች በሌላው መዳፏ የውሃን ስም በጣት ፊደል ጻፈችላት። ሔለን በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመርቃ በብዙ አገር የምትታወቅ ጸሐፊና ተናጋሪ ሆነች።

በጀርመንኛ ተናጋሪው አገር ደግሞ ሒሮኒመስ ሎርም የተባለ ደራሲ መንገዱን ለራሱ አበጀ። በልጅነቱ መስማት፣ በኋላም ማየት ስለተሳነው በ1881 መዳፉን እንደ ሰሌዳ አድርጎ ፊደል ደለደለበት። የአውራ ጣቱ ጫፍ ሲነካ «አ»፣ የሌባ ጣቱ «ኤ»፣ የመሐል ጣቱ «ኢ»፣ የቀለበት ጣቱ «ኦ»፣ የትንሿ ጣት ጫፍ ሲነካ «ኡ» ማለት ነው። የቀሩት ፊደላት በመዳፉ ላይ በሚደረግ ጭረትና መታ መታ ይለያሉ። ይህ ፊደል እስከ ዛሬ በዚያ አገር ይሠራበታል።

የምልክት ቋንቋ ቀድሞ የሚያውቁት ደግሞ እጃቸውን በተናጋሪው እጅ ላይ በቀስታ አሳርፈው ምልክቱን በመዳሰስ ይከተላሉ። ከ2007 ወዲህ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ያሉ ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከዚህ አልፈው የራሳቸውን የመዳሰስ ቋንቋ አሳድገዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው በጭኑ ወይም በክንዱ ላይ መታ መታ እያደረገ «እየተከተልሁ ነኝ» ይለዋል፤ እኛ ራሳችንን እየነቀነቅን «እሺ፣ ከዚያስ?» እንደምንለው ማለት ነው።

የአማርኛ ፊደል በመዳፍ ላይ

የሎርም አምስት ጣቶች ለአምስት አናባቢ በቁ። የእኛ ፊደል ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት አለውና አምስት ጣት አይበቃውም። ታዲያ በአማርኛ እንዴት ይሆናል?

በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎቼ ዐይናቸውን በሻሽ ሸፍነው አንዱ በሌላው መዳፍ ላይ በጣቱ እንዲጽፍ አድርጌ ነበር። የተሰጠው ቃል «ወደብ» ነበር። «ወ» እና «ደ» ብዙ ሳያስቸግሩ ታወቁ፤ «ብ» ግን ብዙዎቹ ዘንድ «በ» ሆኖ ተነበበ። «በ»ን ከ«ቡ»፣ ከ«ቢ» እና ከ«ብ» የሚለየው ከጐኑ ወይም ከእግሩ የወጣ ትንሽ ጭረት ነው፤ ዐይን በቀላሉ የሚያየውን ይህን ጭረት ቈዳ ቶሎ አይለየውም። ሁለተኛ ሲሞክሩ ፊደሉን መዳፉን እስኪሞላ ድረስ አተለቁት፤ ጭረቱን ለብቻው ጫን ብለው ጻፉት፤ በአንዱና በሚቀጥለው ፊደል መካከልም መዳፉን ጠረግ አደረጉ። ያን ጊዜ ቃሉ ሳይዛነፍ ደረሰ።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ይህን ችግር በብልሃት ፈትቶታል። ለእያንዳንዱ የፊደል ዘር አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ሰባቱን ቤት የሚለየው ግን እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ በመዳሰስ በደንብ ይታወቃል፤ ስለዚህ እጁን በተናጋሪው እጅ ላይ ያሳረፈ ሰው ካዕቡን ከሣልሱ ለመለየት ዐይን አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ይህን ቋንቋ በዕውቀት የሚያስተምሩ ሰዎች እየወጡ ነው።

የአማርኛ ብሬልም እንዲሁ ፊደሉን ከሁለት ከፍሎ ያስኬደዋል። ሉዊ ብሬል የተባለው ፈረንሳዊ በ1824፣ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባቀናው በስድስቱ ነጥብ ሥርዓት መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ይጻፋል። በእኛ ፊደል በሁለት ቅርጽ የምንጽፋት «ሞጆ» በብሬል አራት ምልክት ትሆናለች። የሚነበበው በጣት ጫፍ ስለሆነ ለዐይነ ስውሩም፣ ከማየት ሌላ መስማትም ለተሳነው ሰው እኩል ያገለግላል።

በዚህ በብሬል በኩል ሩቅ የደረሰች የእኛው ደም አለች። ሐበን ግርማ በ1988 በካሊፎርኒያ ተወለደች፤ አባቷ የአዲስ አበባ ተወላጅ፣ እናቷ ከኤርትራ የተሰደዱ ናቸው። ጥቂት ብቻ የምታይና የምትሰማ ሆና አድጋ፣ በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀች፤ ማየትና መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ያን ትምህርት ቤት በመፈጸም የመጀመሪያዋ ናት። የሚያነጋግራት ሰው በጽሕፈት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እርስዋ በእጇ በያዘችው መሣሪያ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚሉትን የብሬል ነጥቦች በጣቷ ታነባለች፤ መልሱንም በአንደበቷ ትሰጣለች። በ2015 በዋይት ሀውስ በተደረገ ግብዣ ላይ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ያነጋገሯት በዚሁ መንገድ፣ ቆመው እየጻፉ ነበር።

በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ሻሸመኔ ያደርሳል፤ በዚያ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለችው በሰበታም የታወቀው መርሐ ዕውራን አለ። መስማት ለተሳናቸውም በሆሳዕናና በሌሎች ከተሞች ትምህርት ቤቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ የብዙ ሰው ሕይወት ያቀኑ ናቸው። ነገር ግን የዐይነ ስውራኑ ትምህርት ቤት በጆሮ ያስተምራል፤ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በዐይን ያስተምራል። ሁለቱም የተሳኑት ልጅ ወደ የትኛው ይግባ? በመጀመሪያው ክፍል የመምህሩን ድምፅ አይሰማም፤ በሁለተኛው የመምህሩን እጅ አያይም። የሚማረው አንድ ለአንድ የሚቀመጥ፣ እጁን የሚሰጠው መምህር ሲያገኝ ነው። እንዲህ ያለ መምህር ካልተገኘ ልጁ በቤት ይቀራል፤ ወላጆቹም አእምሮው የጐደለ ይመስላቸዋል። ሎራ ብሪጅማንንም ከትምህርቷ በፊት ያየ ሰው እንዲሁ ባሰበ ነበር።

በአገራችን ይህን ክፍተት ለመሙላት የኢትዮጵያ ማየትና መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ይሠራል። በማኅበሩ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ወይዘሮ ሮማን መስፍን ራሳቸው እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው። ሕጉም አልጠፋም። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በመዳሰስ የሚደረገውን መነጋገር በስም ጠርቶ ከመነጋገሪያ መንገዶች መካከል ይቈጥረዋል፤ ማየትና መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚስማማቸው ቋንቋ እንዲማሩም ያዝዛል።

ወደ ሞጆ ሳጥን እንመለስ። ሳጥኑ ሳይበላሽ የሚደርሰው በየመተላለፊያው የሚጨብጠው እጅ ስላለና አጨባበጡን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። ከመካከል አንዱ ባይኖር ዕቃው ባሕር ዳር ቆሞ በቀረ ነበር። ቃልም እንዲሁ ነው። ከሬዲዮ ወጥቶ፣ ከጋዜጣ ወጥቶ፣ ከሐኪሙ አፍ ወጥቶ ማየትና መስማት ወደ ተሳነው ሰው የሚሻገረው በአስተርጓሚ እጅ ነው። አገራችን ባሕር በሌለበት ከፍታ ላይ ወደብ ለመሥራት ገንዘብም ዕውቀትም አላነሳትም። ለእነዚህ ሰዎች አስተርጓሚና መምህር ማሠልጠን ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

በጽሕፈት ቤት መስኮት

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የሚቀመጡ ወይም ነገ የሚቀመጡ ናቸውና የመጨረሻውን ነገር ለእነርሱ እላለሁ። ማየትና መስማት የተሳነው ባለጉዳይ ከዘመዱ ጋር ሲመጣ ልማዳችን ዘመዱን ማነጋገር ነው። ነገሩ ካለቀ በኋላ የባለጉዳዩን እጅ ይዘን፣ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተን፣ በወረቀቱ ላይ እናሳርፋለን። እጁን የፈለግነው አሻራውን ለመውሰድ ብቻ ነው። ምን እንደፈረመ በዚያው እጅ ላይ ልንነግረው እንችል ነበር፤ አልነገርነውም። ርስቱ ይሁን፣ ጡረታው ይሁን፣ ከወንድሙ ጋር ያለው ክፍያ ይሁን ሳያውቅ ይሄዳል።

ማድረግ የሚገባን ብዙ አይደለም። ሲቀርቡት ትከሻውን ወይም ክንዱን በቀስታ መንካት፤ ድንገት አለመያዝ፤ መኖራችንን እስኪያውቅ ድረስ እጃችንን አለማንሣት። በምን እንደሚነጋገር ከእርሱ ወይም ከአስተርጓሚው መጠየቅ። ፊደል የሚያውቅ ከሆነ በመዳፉ ላይ በትልቁ፣ አንድ አንድ ፊደል፣ እየጠረጉ መጻፍ። ሲሄድ ክንዳችንን ሰጥቶ እንዲይዝ ማድረግ እንጂ ከኋላ አለመግፋት። ትተነው ስንነሣም መሄዳችንን መንገር፤ ባዶ ወንበር እንዲያነጋግር ማድረግ ነውር ነውና። በአንዳንድ አገር ደግሞ በጀርባ ላይ በጣት ትልቅ የ«ኤክስ» ምልክት ከተጻፈ «አደጋ አለ፤ ሳትጠይቅ ተከተለኝ» ማለት ነው፤ ይህን ማወቅም አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የመስኮቱ ሰልፍ ረጅም ነው፤ አለቃም ይቈጣ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው የራሱን ጉዳይ ራሱ ሰምቶ፣ ራሱ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብሎ ይሄዳል።